የፀሐይ ሚዛን፦ በታላላቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች የብርሃንና የአየር ጠባይ ልኬት ዳሰሳ

አንድ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ያመነጨውን ኤሌክትሪክ ማወቅ አያስቸግርም፤ ቆጣሪው በየደቂቃው ይመዘግበዋልና። አስቸጋሪው ማመንጨት የነበረበትን ማወቅ ነው። በግድብ ላይ የተሠራ ማመንጫ የውሃውን ከፍታና ፍሰት ለክቶ፣ በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተርም የነዳጁን ሊትር ቆጥሮ የገባውን ከወጣው ጋር ማነጻጸር ይችላል፤ የፀሐይ ማመንጫ ግብዓት ግን በቧንቧ ወይም በቦቴ የማይመጣ፣ በብዙ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተሰራጭቶ የሚያርፍ፣ ደመና ባለፈ ቁጥር የሚዋዥቅ ብርሃን በመሆኑ፣ መጠኑ የሚታወቀው በሜዳው ላይ እዚህም እዚያም በተተከሉ ጥቂት መለኪያዎች አማካይነት ነው። ስለ ማመንጫው ብቃት የሚነገር ማንኛውም ቁጥር በእነዚህ መለኪያዎች ንባብ ላይ የቆመ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚመረምረውም ያ ንባብ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል፣ እምነቱ ከየት እንደሚመነጭና የት ላይ እንደሚሸረሸር ነው።

ንባቡ ከሁሉ በፊት የሚያገለግለው ባለሙያዎች «የአፈጻጸም ምጥጥን» የሚሉትን ቁጥር ለማስላት ነው። የፀሐይ ሰሌዳዎቹ በፋብሪካ በተለካው ዐቅማቸው ቢሠሩ ኖሮ ከደረሳቸው ብርሃን ሊያመነጩ ይገባ የነበረው ኤሌክትሪክ ይሰላና፣ በተጨባጭ የመነጨው ለዚያ ይካፈላል። ተቋራጩ ማመንጫውን ሲያስረክብ የሚፈተነው፣ በዋስትናው ዘመን ካሳ ይከፈል ወይስ አይከፈል የሚለው የሚዳኘው፣ አበዳሪው ባንክም ብድሩ በደህና መመለሱን የሚከታተለው በዚሁ ምጥጥን ነው። በዓመት 200 ጊጋዋት ሰዓት የሚያመነጭ ማመንጫ ቢወሰድ፣ በብርሃን ልኬቱ ላይ የሚፈጠር የ1 በመቶ ስሕተት 2 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክን ጠፋ ወይም ተገኘ ሊያሰኝ ይችላል፤ ይህም መለኪያው ራሱ ከሚገዛበት ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ልኬቱን ለመረዳት የሚለካውን ነገር አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ከምድር ከባቢ አየር ውጭ፣ ምድር ከፀሐይ ባላት አማካይ ርቀት፣ ለፀሐይ ፊት ለፊት በተያዘ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል 1,361 ዋት ገደማ ነው። ይህ ኃይል አየሩን ሰንጥቆ ሲወርድ ከፊሉ በውሃ ተንና በሌሎች ጋዞች ይዋጣል፣ ከፊሉ በአየር ቅንጣቶች፣ በአቧራና በደመና ተበትኖ አቅጣጫውን ይስታል። ሳይበተን ከፀሐይዋ ገጽ በቀጥታ የሚደርሰው «ቀጥተኛ ጨረር» ይባላል፤ ጥላ እንዲጠቁር የሚያደርገው እርሱ ነው። ከመላው ሰማይ ተበትኖ የሚመጣው ደግሞ «ብትን ጨረር» ሲሆን፣ በደመናማ ቀን ጥላ ጠፍቶ እንኳ ብርሃን የሚኖረው በእርሱ ነው። ሁለቱ በአግድም መሬት ላይ ሲደመሩ፣ ቀጥተኛው ፀሐይዋ በዘነበለችበት ልክ ከተቀነሰ በኋላ፣ «ጠቅላላ አግድም ጨረር» ይገኛል። የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የሚያውቁት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ለማመንጫ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው። ሰሌዳዎች አግድም አይተኙምና፣ የሚፈለገው በዘመመው የሰሌዳ ገጽ ላይ የሚያርፈው ጨረር ሲሆን፣ እርሱም ከቀጥተኛውና ከብትኑ ሌላ ከመሬት ተንጸባርቆ የሚመጣውን ይጨምራል።

ለዚህ ሥራ የታወቀው መሣሪያ ፒራኖሜትር ነው። ከጡጫ ብዙም የማይበልጠው ይህ መሣሪያ በድርብ የመስተዋት ጉልላት ሥር አንድ ጥቁር ገጽ ይዟል፤ ገጹ ብርሃን ውጦ ሲሞቅ በእርሱና በመሣሪያው ቀዝቃዛ አካል መካከል የሚፈጠረውን የሙቀት ልዩነት ቴርሞፓይል የሚባለው፣ ሁለት ዓይነት ብረቶች ብዙ ጊዜ ተጋጥመው የሚሠራው ክፍል፣ ወደ ጥቃቅን ቮልቴጅ ይለውጠዋል። በጠራ ሰማይ ቀትር ላይ እንኳ የሚወጣው ቮልቴጅ ከ10 ሚሊቮልት አካባቢ አይርቅም። ስለዚህ ገመዱ፣ የምድር ግንኙነቱና ንባቡን የሚቀበለው ዳታ ሎገር የተሰኘ መዝጋቢ የመለኪያው አካል ተደርገው መታየት አለባቸው። ሌላው ምርጫ ከሰሌዳው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ የሲሊከን ሕዋስ የሚሠራው ማመሳከሪያ ሕዋስ ነው። ፒራኖሜትር ከሞላ ጎደል መላውን የፀሐይ ብርሃን፣ ከ300 እስከ 2,800 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት፣ በእኩልነት ሲቀበል ለለውጥ ምላሽ ለመስጠት ሴኮንዶች ይፈጅበታል፤ ማመሳከሪያ ሕዋሱ ግን ወዲያው ይመልሳል፣ ነገር ግን የሚያየው ሰሌዳው የሚያየውን የብርሃን ክፍል ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል የሚደረገው ክርክር የቆየ ነው። አንዱ ወገን «ከሰማይ የወረደው ሁሉ ይለካ» ሲል ሌላው «ሰሌዳው ሊጠቀምበት የሚችለው ይለካ» ይላል። የሁለቱ ንባብ የማይገጥመው ስሕተት ኖሮ ሳይሆን የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ በመሆኑ ነው፤ ውል ውስጥ የትኛው እንደሚጻፍ ሳይወሰን ሁለቱንም ተክሎ በኋላ የሚስማማውን መምረጥ ግን ክርክርን መጋበዝ ነው።

የእነዚህ መሣሪያዎች ንባብ እውነት ነው የሚባለው በምን ማስረጃ ነው? ለዚህ መልሱ ረጅም ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1825 የፀሐይን የማሞቅ ኃይል የሚለካ መሣሪያ ሠራ፤ ፈረንሳዊው ክሎድ ፑዬ እ.ኤ.አ. በ1838 ፒርሄሊዮሜትር ብሎ በሰየመው፣ ውሃ በያዘ ዕቃ በሚሠራ መሣሪያ ተጠቅሞ ከከባቢ አየር ውጭ ያለውን ኃይል 1,228 ዋት በካሬ ሜትር ብሎ ገመተ። ዛሬ ከሚታወቀው ያነሰው በ10 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ እስካሁን ያስደንቃል። ስዊድናዊው ክኑት ኦንግስትረም እ.ኤ.አ. በ1893 ይፋ ያደረገው መሣሪያ ደግሞ አንዱን ስስ ብረት በፀሐይ፣ ሌላውን በኤሌክትሪክ እያሞቀ ሁለቱ እኩል ሲሞቁ የፀሐይዋን ኃይል በኤሌክትሪኩ ልክ የሚያነብ ነበር። ብርሃንን በትክክል በሚታወቅ የኤሌክትሪክ ኃይል መመዘን የተጀመረው በዚህ ሲሆን፣ የዘመኑ እጅግ ትክክለኛ መለኪያዎችም የሚሠሩት በዚያው ሐሳብ ነው። እነዚህ የበላይ መለኪያዎች የሚጠበቁት በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል በምትገኘው በዳቮስ ባለው የዓለም የጨረር ማዕከል ነው። ከየአገሩ የሚመጡ መሣሪያዎች በየ5 ዓመቱ እዚያ ተሰብስበው ከአንድ ፀሐይ ፊት ለፊት ጎን ለጎን ይነጻጸራሉ፤ የዚህ ዓለም አቀፍ ማመሳከሪያ የስሕተት ወሰንም 0.3 በመቶ ያህል ነው።

በአንድ በረሃ የተተከለ ፒራኖሜትር ዋጋ የሚኖረው ከዳቮስ ጋር በማይበጠስ ሰንሰለት ሲያያዝ ነው። የዳቮሱ መለኪያ የብሔራዊ ቤተ ሙከራውን፣ ያ ደግሞ የአምራቹን፣ የአምራቹም የሜዳውን መለኪያ ያርማል፤ ይህ መለኪያን ከታወቀ ልክ ጋር አስተያይቶ የማረም ሥራ ካሊብሬሽን ይባላል። በእያንዳንዱ እርከን ጥቂት እርግጠኝነት ይቀነሳል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ኢሶ 9060 በተባለው ደረጃው እ.ኤ.አ. በ2018 መሣሪያዎቹን በ«ሀ»፣ በ«ለ» እና በ«ሐ» ክፍል መድቧቸዋል፤ የማመንጫዎችን ክትትል የሚደነግገው አይ.ኢ.ሲ. 61724 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2017 እና በ2021 ሲታደስ ንባቡ በስንት ሴኮንድ እንደሚወሰድ፣ በየስንት ደቂቃው እንደሚመዘገብ፣ ለስንት ሜጋዋት ስንት መለኪያ እንደሚያስፈልግ ወስኗል። እነዚህ ድንጋጌዎች መልካም ሥራ ሠርተዋል። ሆኖም አንድ አደጋ ይዘው መጥተዋል፤ ብዙ የጨረታ ሰነዶች የ«ሀ» ክፍል መሣሪያ መግዛትን ከ«ሀ» ክፍል ልኬት ጋር አንድ አድርገው ይወስዱታል። የምስክር ወረቀቱ የሚናገረው መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ስለ ነበረው ጠባይ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ምሰሶው ላይ ስላለበት ሁኔታ አንዳች አይናገርም።

የነገሩ ዋና ቁም ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። በላይኛው ግብፅ፣ ከአስዋን በስተ ሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የቤንባን የፀሐይ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በ37 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በ41 ቦታዎች ተከፋፍሎ የተነደፈውና እ.ኤ.አ. በ2019 ግንባታው የተጠናቀቀው ይህ ፓርክ 1.5 ጊጋዋት ገደማ ዐቅም ያላቸውን የብዙ ባለቤቶች ማመንጫዎች ይዟል። ዝናብ ከሞላ ጎደል የማይዘንብበት፣ በጸደይ ወራት ኻምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ አሸዋና አቧራ ጭኖ የሚመጣበት ምድር ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ አቧራው በሰሌዳውም በመለኪያውም ላይ ያርፋል። ሰሌዳው ሲቆሽሽ ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፤ የመለኪያው ጉልላት ሲቆሽሽ ደግሞ የብርሃኑ ንባብ ይቀንሳል። ሁለቱ አብረው ሲወርዱ ምጥጥኑ ሳይነቃነቅ ይቀራል፣ ማመንጫውም ገቢ እያጣ ሳለ ወረቀት ላይ ጤነኛ ይመስላል። መለኪያው ከሰሌዳው ይበልጥ ከቆሸሸ ምጥጥኑ ጭራሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ የቆሸሸ መለኪያ የተበላሸውን ማመንጫ አሳምሮ የሚያቀርብ ምስክር ነው፤ እንዲህ ያለው ስሕተት ማንንም ስለማያስደነግጥ ከድንገተኛ ብልሽት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ይናቃል። ጉልላቱ በለስላሳ ጨርቅና በተጣራ ውሃ መወልወል አለበት፤ አቧራማ በሆነ ስፍራ በየቀኑ ወይም በየጥቂት ቀኑ፣ ሻል ባለ ስፍራ በየሳምንቱ። የተወለወለበት ሰዓት ከነደቂቃው መመዝገብ ይኖርበታል፤ በጠራ ሰማይ ከመወልወሉ በፊትና በኋላ ያሉት ንባቦች ሲነጻጸሩ አቧራው ስንት በመቶ ይሰርቅ እንደ ነበር ይታወቃልና። መሣሪያው ግንበኞች ውሃ ልክ በሚሉት ዓይነት ትንሽ አረፋ አግድምነቱ ይጠበቃል፤ መሬት ሲሰምጥ ወይም ምሰሶ ሲላላ የሚፈጠር የአንድ ዲግሪ መዛነፍ በተለይ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል በመቶኛ የሚቆጠር ስሕተት ያመጣል። ማለዳ ጤዛ ጉልላቱ ላይ ሲቀመጥ ብርሃኑን እንደ ምስሪት ይሰባስበዋል ወይም ይበትነዋል፤ ወፎች ከፍ ያለ ምሰሶ ስለሚወዱ ኩሳቸውን ይጥሉበታል፤ በጠራ ሌሊትም ጉልላቱ ሙቀቱን ወደ ቀዝቃዛው ሰማይ ስለሚሰድ መሣሪያው ከዜሮ በታች ጥቂት ዋት ያነባል። ይህን የሌሊት ንባብ ወደ ዜሮ ለውጦ መሰረዝ የተለመደ ቢሆንም፣ ያው ስሕተት ቀንም በመጠኑ ስለሚኖር፣ መረጃው እንዳለ ተጠብቆ ለመሣሪያው ጤንነት ምልክት ሆኖ ቢያገለግል ይሻላል። ነፋስ የሚያናፍስና በጥቂቱ የሚያሞቅ ክፍል የተገጠመላቸው መሣሪያዎች ጤዛንና ይህን የሙቀት ስሕተት ይቀንሳሉ። ማንኛውም መሣሪያ ግን በጨርቅ የሚወለውለውን ሰው አይተካም። በብዙ ማመንጫዎች ይህ ሥራ ዝቅተኛ ክፍያ ለሚያገኝና ትርጉሙ ላልተነገረው ሠራተኛ የሚተው ሲሆን፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚመዘንበት ሚዛን በእርሱ እጅ እንዳለ ሊያውቅ፣ ሊከበርበትና በአግባቡ ሊከፈለው ይገባል።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ አቀማመጥ ነው። ሰሌዳዎች ፀሐይን እየተከተሉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚዞሩበት ማመንጫ፣ መለኪያው ከሰሌዳዎቹ ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ታስሮ አብሮ መዞር አለበት፤ የታሰረበት ረድፍ ሞተር ከተበላሸ ግን ሌሎቹ ረድፎች ጤነኛ ሆነው ሳለ ንባቡ ይሳሳታል። ማለዳና ምሽት ረድፎቹ እርስ በርሳቸው ጥላ እንዳይጣጣሉ ወደ ኋላ መለስ ሲሉ መለኪያው የሚያየው ሰማይም ይለወጣል። ከጀርባቸውም ብርሃን የሚቀበሉ ባለሁለት ገጽ ሰሌዳዎች ሲመጡ ደግሞ ከመሬት የሚንጸባረቀውን መለካት አስፈላጊ ሆኗል። ለዚህም አንዱ ወደ ሰማይ ሌላው ወደ መሬት የዞሩ ሁለት ፒራኖሜትሮች የምድርን ነጸብራቅ ሲለኩ፣ ከሰሌዳው ጀርባ የሚታሰሩ መለኪያዎች በእርግጥ የሚደርሰውን ያነባሉ። ነጭ አሸዋ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብዙ እጥፍ ስለሚያንጸባርቅ፣ አረም ሲበቅልና ሲታጨድም ቁጥሩ ስለሚለዋወጥ፣ ከአንድ ነጥብ የተወሰደ የነጸብራቅ ልኬት ለመላው ሜዳ ይናገራል ማለት ከባድ ነው።

ስፋትም የራሱ ጥያቄ አለው። በሴኮንድ 10 ሜትር የሚጓዝ የደመና ጥላ ቤንባንን የሚያህል ሜዳ ለማቋረጥ አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ አንዱ ጫፍ ሲጨልም ሌላው በሙሉ ብርሃን ላይ ነው። የአንድ መለኪያ የደቂቃ ንባብ እንዲህ ባለ ቀን የማመንጫውን ውጤት ሊገልጽ አይችልም፤ በቀንና በወር ድምር ግን ልዩነቱ ይጠባል። የተበጣጠሰ ደመና ሌላ አስገራሚ ነገርም ያደርጋል፦ ፀሐይዋ በደመናዎች መካከል ብቅ ስትል ቀጥተኛው ብርሃን ከደመናው ጠርዝ ከሚንጸባረቀው ጋር ተደምሮ፣ ለጥቂት ሴኮንዶች ከከባቢ አየር ውጭ ካለው መጠን እንኳ የሚበልጥ ንባብ ይመዘገባል። ልምድ የሌለው መረጃ አጣሪ ይህን ስሕተት ነው ብሎ ይሰርዘዋል፤ ክስተቱ ግን እውነተኛ ነው፣ የሰሌዳውን ኤሌክትሪክ ለመስመር እንዲስማማ ለሚለውጡት ኢንቨርተሮችና ለፊውዞች ዲዛይንም ይፈለጋል።

በሰሌዳ ላይ የሚያርፈውን ቆሻሻ ራሱን መለካት በቅርብ ዘመን ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። የቆየው ዘዴ ሁለት ተመሳሳይ ሕዋሶችን ወይም ሰሌዳዎችን ጎን ለጎን አቁሞ አንዱን ዘወትር ማጽዳት፣ ሌላውን ከማመንጫው ጋር እኩል እንዲቆሽሽ መተው፣ ከዚያም የሁለቱን ኤሌክትሪክ ማነጻጸር ነው። አዲሶቹ መሣሪያዎች በመስተዋታቸው ውስጥ ብርሃን ልከው ከአቧራው የሚመለሰውን በማየት ያለ ማጽዳት ይሠራሉ፤ ነገር ግን የአቧራው ቀለም ከስፍራ ስፍራ ስለሚለያይ በአካባቢው አቧራ መታረም ይኖርባቸዋል። ከልኬቱ የሚገኘው ጥቅም ግልጽ ነው፤ በውሃ እጥረት በሚታወቁ ምድረ በዳዎች ሰሌዳን ማጠብ መቼ እንደሚያዋጣ የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። ዝናብ ሁልጊዜ አጣቢ አይደለም። በአቧራ በተሞላ አየር ውስጥ የሚወርድ ጥቂት ካፊያ አቧራውን ጭቃ አድርጎ ያጣብቀዋልና፣ የዝናብ መለኪያው የሚመዘግበው መጠን ከቆሻሻ ልኬቱ ጋር ካልተነበበ ሊያሳስት ይችላል።

ከብርሃን ቀጥሎ የሚመጣው ሙቀት ነው። የሰሌዳ ዐቅም በፋብሪካ የሚለካው በ1,000 ዋት በካሬ ሜትር ብርሃንና በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሕዋስ ሙቀት ሲሆን፣ የሲሊከን ሰሌዳ ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ኃይሉን ያጣል። በበረሃ ቀትር 65 ዲግሪ የደረሰ ሰሌዳ እንግዲህ ከ12 እስከ 16 በመቶ አጥቷል። ለዚህ ነው ከሰሌዳው ጀርባ የሙቀት ሴንሰር የሚለጠፈው፤ የሚለጠፈው ግን በአግባቡ ካልሆነ፣ ጠርዝ ላይ ከሆነ ወይም ማጣበቂያው ከለቀቀ፣ የአየሩን ሙቀት አንብቦ ማመንጫውን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል። ነፋስ ሰሌዳን ስለሚያቀዘቅዝ ፍጥነቱም አብሮ ይለካል። ነፋስ የሚለካበት ሌላው ምክንያት የደኅንነት ነው፤ ነፋሱ ከተወሰነ ፍጥነት ሲያልፍ የሚዞሩት ሰሌዳዎች ወደ መከላከያ አቋማቸው እንዲመለሱ ትእዛዝ ይተላለፋል። በአሜሪካ በቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2024 የወረደው በረዶ በማመንጫዎች ላይ ከፍተኛ ጉዳት ካደረሰ ወዲህ፣ የበረዶ ትንበያን ተቀብሎ ሰሌዳዎችን አስቀድሞ ወደ ጎን ማቆም ለኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ዋና ጉዳይ ሆኗል።

በመስተዋት ብርሃን ሰብስበው ሙቀት የሚያመነጩ ጣቢያዎች ከዚህ ለየት ያለ ልኬት ይሻሉ። በሞሮኮ ዋርዛዛት አጠገብ በሚገኘው የኑር ጣቢያ፣ በሦስተኛው ክፍል፣ 250 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ግንብ ጫፍ ላይ 7,400 ያህል መስተዋቶች ብርሃናቸውን ይወረውራሉ፤ መስተዋት ደግሞ ሊሰበስብ የሚችለው ቀጥተኛ ጨረርን ብቻ ነው። ይህ የሚለካው ዐይኑ ለ5 ዲግሪ ብቻ በተከፈተ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይን በሚከተል ማዞሪያ ላይ በታሰረ የዛሬው ፒርሄሊዮሜትር ነው። መሣሪያው ለአቧራ እጅግ ስሱ ነው፤ በመሣሪያው የፊት መስተዋት ላይ ያረፈ ቅንጣት የሚበትነው ብርሃን ከጠባቡ ዕይታ ውጭ ወጥቶ ይቀራልና። ቀጥተኛ ጨረር ለአየሩ ጥራት ምን ያህል ተገዢ እንደ ሆነ እ.ኤ.አ. በ1991 የፊሊፒንስ እሳተ ገሞራ ፒናቱቦ በፈነዳ ጊዜ ታይቷል። ወደ ላይኛው ከባቢ አየር የወጣው ጭጋግ በመላው ዓለም ቀጥተኛውን ጨረር በጉልህ ሲቀንስ፣ ብትኑ ጨረር በዚያው ልክ ስለ ጨመረ ጠቅላላው ብዙም አልተለወጠም። ጠቅላላውን ብቻ የሚለካ ጣቢያ የዓለሙን ትልቅ ለውጥ ሳያየው ሊያልፍ ይችል ነበር።

እስካሁን የተነገረው ስለተሠራ ማመንጫ ነው። ከመሠራቱ በፊትስ? ባንክ የሚጠይቀው የአንድ ዓመትን ሳይሆን የሃያና የሃያ አምስት ዓመት ተስፋን ነው። በብዙ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ያለው የቆየ መዝገብ ካምቤል ስቶክስ የተባለው፣ በመስተዋት ኳስ ካርቶን እያቃጠለ ፀሐይ የታየችባቸውን ሰዓታት የሚመዘግብ መሣሪያ ውጤት ነው፤ የክኑት ልጅ አንደርስ ኦንግስትረም እ.ኤ.አ. በ1924 እነዚህን ሰዓታት ወደ ጨረር መጠን የሚቀይር ቀመር አበርክቷል። ለግብርናና ለአየር ንብረት ጥናት ውለታው ትልቅ ቢሆንም፣ የዛሬ አበዳሪ በዚያ ብቻ ገንዘቡን አያወጣም። ክፍተቱን የሞሉት ሳተላይቶች ናቸው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የቆሙት የሜቴዎሳት ሳተላይቶች አፍሪካን ሌት ተቀን ፎቶ ያነሳሉ፤ የደመናው ንጣት ተለክቶም ወደ መሬት የሚደርሰው ብርሃን ይገመታል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገው ዓለም አቀፍ የፀሐይ አትላስ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ሆኖም ሳተላይት አቧራን ከነጭ አሸዋ፣ ቀጭን ደመናን ከጭጋግ ለመለየት ይቸገራል፤ ግምቱም የሚታረመው በምድር ጣቢያ ነው። የተለመደው አሠራር በቦታው ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ለክቶ፣ በዚያ ልኬት የሳተላይቱን የረጅም ዘመን መዝገብ ማስተካከል ነው። ሳተላይት ስላለ የምድር ልኬት አያስፈልግም የሚለው አስተያየት የሚጸናው የምድር ጣቢያዎች በበዙበት በአውሮፓ ሊሆን ይችላል፤ ጣቢያዎች በተራራቁበት በአፍሪካ ግን ማረሚያ የሌለው ግምት ይዞ መጓዝ ይሆናል። ያለፉት ዓመታት ብርሃን ለሚመጡት ዋስትና አለመሆኑም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንደ አጹሙ ኦሙራና ማርቲን ዊልድ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በብዙ የዓለም ክፍሎች ወደ ምድር የሚደርሰው ብርሃን ቀንሶ ከዚያ ወዲህ በከፊል እንደተመለሰ አሳይተዋል። ይህን ያሳወቁት ለአሥርተ ዓመታት ያለማቋረጥ የተጠበቁ የምድር መለኪያዎች ናቸው።

ኢትዮጵያ በዚህ ጥያቄ ውስጥ የራሷ ጠባይ አላት። እ.ኤ.አ. በ2019 በሶማሌ ክልል ለጋድ፣ በአፋር ክልል ለዲቼቶ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት ለሚሆኑ ማመንጫዎች በወጣው ጨረታ ያሸነፈው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ዋጋ ይህን ያህል ሲወርድ ለብርሃን ግምት ስሕተት የሚተርፍ ትርፍ የለም። የመሬቱ አቀማመጥም ከሌላ አገር የተወሰደ ልምድን በቀጥታ አይቀበልም። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ በበጋ ቀጥተኛው ጨረር ብርቱ ነው፤ በክረምት ግን ደጋው በደመና ይሸፈናል። አፋር ደመናው ያነሰ ቢሆንም ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቷ 34.6 ዲግሪ ሆኖ የተመዘገበው ዳሎል የምትገኘው በዚያው ክልል ነው፣ አቧራውም የዚያኑ ያህል ነው። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው የፀሐይዋ መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ኬክሮስ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ፀሐይ ቀትር ላይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፤ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ከአውሮፓ በተቀዳ ልማድ ወደ ደቡብ የዘመመ ሰሌዳና መለኪያ በእነዚህ ወራት ፀሐይዋን ከጀርባው ዘንበል ብላ ያገኛታል፤ በአግድም ልኬት ላይ የተመሠረተ ስሌትም ይህን ካላካተተ የክረምቱን ውጤት ከእውነቱ ያርቀዋል።

ስለዚህ በአገሪቱ ለወደፊት ማመንጫ የሚታሰብ እያንዳንዱ ቦታ ጨረታው ከመውጣቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሁለት ክረምት ቢያይ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፣ ጠቅላላውን፣ ብትኑንና ቀጥተኛውን ጨረር፣ ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ዝናቡንና የአቧራውን ክምችት የሚለካ ጣቢያ ያስፈልገዋል። ራቅ ባለ ስፍራ ባለማዞሪያው ፒርሄሊዮሜትር በየቀኑ የሚያጸዳው ካጣ፣ በየደቂቃው ጥላ በሚያሳልፍ ክንድ ብትኑን ከጠቅላላው የሚለየው ቀለል ያለ መሣሪያ፣ ትክክለኛነቱ ቢያንስም አቧራን ስለሚታገሥ የተሻለ መረጃ ይሰጣል። ጣቢያው የሚታጠርበት፣ የሚጠበቅበትና የሚወለወልበት በጀት ከመሣሪያው ግዢ ጋር በአንድ ሰነድ መጽደቅ አለበት፤ ጉልላቱን የሚወለውለው ሰው ከአካባቢው ተመርጦ፣ የጽዳት መዝገቡ በሚያነበው ቋንቋ ተዘጋጅቶ፣ የሚጽፈው ሰዓትና ደቂቃም ከብርሃኑ ንባብ ጋር በአንድ ቋት ሊቀመጥ ይገባል።